የባሌ ቤተሰብ የክሮኤሺያ ስምና ግድግዳው ላይ ያለው ጋሻ፦ እውነት ነው ወይስ ንግድ?

የሁለት ልጆች እናት፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

የምንኖረው ሜሪላንድ ነው፣ ባሌ አሜሪካ ተወልዶ ያደገ ነው። የአባቱ ወገን ከክሮኤሺያ የመጣ ነው ይላሉ። የቤተሰቡ ስም ኮቫቼቪች ነው። እኔ የአባቴን ስም አልለቀቅኩም፣ ልጆቼ ግን በዚሁ ስም ነው የተመዘገቡት። አማቶቼ ሳሎን ውስጥ ከእንጨት የተሠራ ጋሻ ተሰቅሏል። መሀሉ ላይ አንበሳ አለ፣ ከላይ የጦረኛ የብረት ቆብ፣ ከታች ስሙ በጥቅልል ላይ ተጽፏል። «የመኳንንት አርማችን» ይሉታል። አማቴ እንደነገረችኝ የተገዛው ከብዙ ዓመት በፊት አንድ የገበያ አዳራሽ ውስጥ ነው፣ አብሮትም «የስምዎ ታሪክ» የሚል አንድ ገጽ ወረቀት ሰጥተዋቸዋል።

ትልቁ ልጄ ከትምህርት ቤት የቤተሰብ ሐረግና አርማ ሠርተህ ና ተብሏል። በእኔ በኩል ችግር የለም። አባቴ አዲስ አበባ ሆኖ በስልክ ሰባት ቤት ቆጠረለት፣ ቁጭ ብሎ ጻፈ። በአባቱ በኩል ግን ከቅድመ አያት በላይ ስም የሚያውቅ ሰው የለም። የሚታወቀው ይኸ ብቻ ነው፦ ሰውዬው በ1907 በመርከብ መጣ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)፣ ፒትስበርግ ብረት ፋብሪካ ገባ፣ እዚያው አገባ፣ እዚያው ሞተ። አንድ ወረቀት ላይ የመጣበት አገር «ሃንጋሪ» ይላል፣ በዚህ ምክንያት ግማሹ ዘመድ «እኛ እኮ ሃንጋሪ ነን» ይላል። የወንድሙ ልጆች ደግሞ ራሳቸውን «ኮቫች» ብለው ነው የሚጽፉት፣ ስማችንን ኤሊስ አይላንድ (ኒው ዮርክ የነበረው የስደተኞች መግቢያ) ላይ ፀሐፊው ቆረጠው ይላሉ።

እና ልጄ «እማዬ፣ እኛ መኳንንት ነበርን?» ሲለኝ ምን ልበለው? ጋሻው እውነት ነው? ክሮኤሺያ ነው ሃንጋሪ? ከየት ልጀምር?

ሞድሪች ከፒያሳ፦

መልሱ ቀላል ነው፣ ስሙ በ«ኢች» ካለቀ ክሮኤሺያ ነው። ሞድሪች፣ ራኪቲች፣ ፔሪሺች፣ ማንዙኪች፣ አሠልጣኙ እንኳ ዳሊች። በ2018 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ላይ ፈረንሳይ 4 ለ 2 ስትረታን (አዎ፣ «ስትረታን» ነው ያልኩት) ሜዳው ሙሉ ኢች ነበር። ጋሻውን ጣይውና ቀይና ነጭ ዳማውን ማሊያ ስቀይለት።

የድሮ ወረቀት፦

ሞድሪች ከፒያሳ፣ ሱከርና ቦባንስ? ግቫርዲዮልስ? እነሱም ክሮአቶች ናቸው። በ«ኢች» የሚያልቅ ደግሞ ሰርብም ሞንቴኔግሮም ቦስኒያም ሞልቷል። ክሮኤሺያ ውስጥ ከሁሉ የበዛው የቤተሰብ ስም «ሆርቫት» ነው፣ «ኢች» የለበትም። በሰሜን በዛግሬብ በኩል በ«ኤጽ» እና በ«አክ» የሚያልቁ ይበዛሉ። እንደ ሎንቻር (ሸክላ ሠሪ) ሙያውን እንዳለ የያዙም አሉ። ስለዚህ «ኢች» አካባቢውን ይጠቁምሽ ይሆናል፣ አገሩን ግን አይነግርሽም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። እኔ ቪየና ነው የምኖረው፣ የሰው የዘር ሐረግ መፈለግ ሱሴ ነው፣ ስለዚህ ሳላሽሞነሙን ልንገርሽ እህቴ። ጋሻው የአማቶችሽ አይደለም። ግድግዳ ላይ ያምራል፣ ይቀመጥ፣ ማንም አይከሰስበትም። ግን አርማ ለስም አይሰጥም። ንጉሥ ለአንድ ሰው ይሰጠዋል፣ ከዚያ ለዚያ ሰው ተወላጆች ይወርዳል፣ አለቀ። ስሙ የተመሳሰለ ሁሉ አይወርሰውም። ሱቆቹ የሚሠሩት ሥራ ይኸ ነው፦ ድሮ የታተመ የአርማ መዝገብ ከፍተው ኮቫቼቪች የሚባል አንድ ቤት ይፈልጋሉ፣ ካገኙ ለመጣው ኮቫቼቪች ሁሉ ያንኑ ይቀርጹለታል። ካላገኙ ደግሞ አንበሳ መቼም አይጠፋም።

ስሙ ራሱ ይበልጥ ያስቸግራል። ኮቫች ብረት ቀጥቃጭ ነው፣ ኮቫቼቪች የቀጥቃጩ ልጅ እንደማለት ነው። ቀጥቃጭ የሌለው መንደር የለምና ስሙ እዚህም እዚያም ለየብቻው ነው የበቀለው፣ አንዱ ኮቫቼቪች ከሌላው ጋር የሥጋ ዝምድና ላይኖረው ይችላል። ካቶሊክ ክሮአት ይሸከመዋል፣ ኦርቶዶክስ ሰርብ ይሸከመዋል፣ የቦስኒያ ሙስሊምም ይሸከመዋል። (እኛ አገር ቀጥቃጭ የሚለውን ቃል ስንቱን ሰው መስደቢያ አድርገነዋል! እዚያ ሰው በኩራት መታወቂያው ላይ ይዞት ይሄዳል።) እርግጥ ነው በመካከለኛው ዘመን ቦስኒያ ውስጥ ኮቫቼቪች የሚባል የመኳንንት ቤት ነበረ። ሱቁ የነዚያን አርማ ሸጦላቸው ሊሆን ይችላል። ግን ከነሱ እስከ ፒትስበርጉ ሰውዬ ድረስ አባት ለአባት የሚያገናኝ ወረቀት ከሌለ ያ ቤት ለልጅሽ ባዕድ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም በጣም ስለምወደው። የድሮዎቹ መዝገቦችም ንጹሕ አይደሉም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ኦህሙቼቪች የሚባል የራጉሳ፣ የዛሬዋ ዱብሮቭኒክ፣ አገር ሰው የስፔን ንጉሥ ባሕር ኃይል ውስጥ አዛዥ ነበረ። እዚያ ለመከበር የመኳንንት ዘር መሆንህን ማስረዳት ነበረብህ። እና ለባልካን አገሮችና ቤቶች ሁሉ አርማ የተሳለበት ትልቅ መዝገብ ተዘጋጀ፣ የሱ ቤትም እዚያ ውስጥ በክብር ተቀምጧል! የታሪክ ሰዎች «የኢሊርያ መዝገቦች» ይሏቸዋል፣ ከታወቁት ቅጂዎች አንዱ የ1595 ነው። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ እንደ እውነተኛ ምንጭ እየገለበጠው ለዘመናት ኖረ። የገበያ አዳራሹ ሱቅ አዲስ ነገር አልፈጠረም።

ሰሚት ኮንዶሚኒየም፦

እሺ የአገሪቱ ዳማስ? እሱም ውሸት ሊሆን ነው? ንጉሡ ከቬኒስ ገዢ ጋር ቼዝ ተጫውቶ አሸንፎ ነው አርማ ያደረገው ሲባል ሰምቻለሁ።

የድሮ ወረቀት፦

የቼዙ ታሪክ ተረት ነው። በ10ኛው ክፍለ ዘመን የነበረውን ንጉሥ ድርዥስላቭን ነው የሚጠቅሱት፣ ቀይና ነጩ ሰሌዳ በሥዕል መታየት የጀመረው ግን ከሱ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነው። አርማው ራሱ የአገሪቱ ነው፣ ምንም ውሸት የለበትም። ዛሬ ባንዲራው ላይ ያለው 25 ካሬ ያለው ቅርጽ የጸደቀው ታኅሣሥ 21 ቀን 1990 ነው። ከላዩ ያሉት አምስት ትናንሽ ጋሻዎች የድሮዋ ክሮኤሺያ፣ የዱብሮቭኒክ፣ የዳልማቲያ፣ የኢስትሪያና የስላቮኒያ ናቸው። እነዚህ አምስቱ ለእህታችን ይጠቅሟታል፣ ምክንያቱም የልጇ ቅድመ አያት ሲሰደድ እነዚህ ቦታዎች አንድ አገር አልነበሩም።

የሁለት ልጆች እናት፦

ምን ማለት ነው አንድ አገር አልነበሩም?

ሰነድ ፈላጊ፦

እዚህ ላይ እኔ ልግባ። አንቺ ልጅ፣ ያ «ሃንጋሪ» የሚለው ቃል ያለሽ ምርጥ ፍንጭ ነው፣ እናንተ ግን ችግር አድርጋችሁ ነው ያያችሁት።

በ1907 ክሮኤሺያ የምትባል ነጻ አገር የለችም። ሁሉም በኦስትሪያና ሃንጋሪ ንጉሠ ነገሥት ሥር ነው፣ ግን በሁለት ተከፍሏል። ዳልማቲያና ኢስትሪያ፣ ማለትም የባሕሩ ዳር፣ በኦስትሪያ በኩል ይተዳደሩ ነበር። መሀሉና ምሥራቁ፣ ዛግሬብ፣ ስላቮኒያ፣ ሊካ፣ ከ1868ቱ ስምምነት በኋላ በሃንጋሪ ዘውድ ሥር ነበሩ። ስለዚህ ክሮአቱ ወረቀት ላይ «ኦስትሪያ» ካለ መጀመሪያ ደሴቶቹንና የባሕር ጠረፉን እይ ማለት ነው፣ «ሃንጋሪ» ካለ ደግሞ ወደ ውስጥ ግባ። የእናንተ ሰውዬ «ሃንጋሪ» ነው፣ ስለዚህ ከደሴት የመጣ ዓሣ አጥማጅ የመሆን ዕድሉ ትንሽ ነው።

እንዲያውም ሥራውም ያንን ይናገራል። የደሴትና የጠረፍ ሰዎች ባሕር ፍለጋ ነበር የሚሄዱት። ወይናቸውን በሽታ ፈጀው፣ በዚያ ላይ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ርካሽ የጣሊያን ወይን የሚያስገባ ውል መጣባቸው፣ የሸራ መርከብ ሥራውም በእንፋሎት መርከብ ተበላ። ከቪስ ደሴት የሄዱት ካሊፎርኒያ ሳን ፔድሮ ላይ ዓሣ አጠመዱ፣ ሌሎቹ ሉዊዚያና ውስጥ ኦይስተር ማርባት ጀመሩ፣ ከብራች ደሴት ደግሞ ብዙው ቺሌ ገባ፣ እስከ ታች ፑንታ አሬናስ ድረስ። የመሀል አገሩ ገበሬ ግን መሬቱ እየተሸነሸነ ሲያልቅበት ወደ ብረት፣ ወደ ድንጋይ ከሰልና ወደ መዳብ ነው የሄደው። ፔንሲልቬንያ፣ ሚቺጋን። ሁለት ሦስት ዓመት ሠርቼ ብር ይዤ እመለሳለሁ ብሎ ነው የሚነሳው። እኛስ አረብ አገር ስንሄድ ምን ብለን ነው የምንነሳው?

ስለ ኤሊስ አይላንድ ደግሞ፣ ይኸ ወሬ በየአሜሪካዊው ቤት አለ። ተቆጣጣሪው ስም አይጽፍም ነበር። የመንገደኞቹ ዝርዝር መርከቡ ከመነሳቱ በፊት አውሮፓ ወደብ ላይ ነው የሚሞላው፣ ኤሊስ አይላንድ ያለው ሠራተኛ በዝርዝሩ ላይ እያመሳከረ ነው የሚያሳልፈው፣ አስተርጓሚም ነበራቸው። ስም የሚቀየረው በኋላ ነው። የፋብሪካው ደመወዝ ከፋይ ያሳጥረዋል፣ አስተማሪዋ እንደሰማችው ትጽፈዋለች፣ ሰውየው ራሱም ሥራ ለማግኘት ይቆርጠዋል። ኮቫች የተባሉት ዘመዶች በዚህ መንገድ የሄዱ ይመስለኛል፤ አስቸጋሪው ኮቫች የሚባል ሃንጋሪም ስሎቫክም መብዛቱ ነው፣ ሃንጋሪ ነን የሚለው ወሬም በከፊል ከዚያ የመጣ ይሆናል።

አሁን አድርጊ የምልሽን አድርጊ። የመርከቡን ዝርዝር በኤሊስ አይላንድ የመረጃ ቋት ወይም ፋሚሊ ሰርች በሚባለው የዘር ሐረግ ድረ ገጽ ፈልጊ፣ ሁለቱም ነጻ ናቸው። ካገኘሽው አንድ ገጽ አይተሽ እንዳታቆሚ። በዚያ ዘመን ዝርዝሩ ሁለት ገጽ ጎን ለጎን ነው፣ በ1907 ደግሞ አገር ቤት የቀረው የቅርብ ዘመድ ስምና አድራሻ መጠየቅ ተጀምሯል። ብዙ ሰው አንዱን ገጽ ብቻ አይቶ ይዘጋዋል፣ አንቺ ግን ሁለቱንም እስከ መጨረሻው እዪ። ስሙን ስትፈልጊ በአንድ ዓይነት ፊደል አትወሰኚ። ክሮአቶቹ ጭረት ባለባት «ሲ» ይጨርሱታል፣ አሜሪካ ላይ «ሲ» እና «ኤች» ሆኗል፣ ሃንጋሪዎቹ ደግሞ «ሲ» እና «ኤስ» አድርገው ይጽፉታል። ዘር በሚለው ዓምድ ሥር «ክሮኤሺያን» ካለ የሃንጋሪው ክርክር እዚያው ያልቃል።

የሁለት ልጆች እናት፦

አምላኬ፣ እናንተ ሰዎች! ማታ ልጆቹን አስተኝቼ ተቀመጥኩ፣ አገኘሁት። «ሃንጋሪ» ይላል፣ ከጎኑ ደግሞ «ክሮኤሺያን»። የቅርብ ዘመድ በሚለው ሥር የአባቱ ስም አለ፣ ቦታው «ኦጉሊን» ይመስለኛል። የተሳፈረው ፊዩሜ ከሚባል ወደብ ነው፣ መርከቧ ደግሞ ካርፓቲያ! ይቺ ታይታኒክን ያዳነችው ናት ወይስ ስም መመሳሰል ነው? ልጄ እንቅልፍ አጥቷል።

ሞድሪች ከፒያሳ፦

ታይታኒክን ያዳናት የለም፣ ሰዎቹን ነው 😄

ሰነድ ፈላጊ፦

ራሷ ናት። ፊዩሜ የዛሬዋ ሪየካ ነች። ያኔ የሃንጋሪ ዋና ወደብ ነበረች፣ የኩናርድ መርከቦች ከዚያ ወደ ኒው ዮርክ ስደተኛ ያመላልሱ ነበር፣ ካርፓቲያም በዚያ መስመር ላይ ነበረች። በሚያዝያ 1912 ከኒው ዮርክ ተነስታ ወደ ፊዩሜ ስትመለስ ነው የድረሱልኝ መልእክቱን የሰማችውና ከ700 በላይ ሰው ከጀልባዎቹ ላይ ያነሳችው። ከሠራተኞቿ መሀል ክሮአቶች ነበሩ። ዛሬ ሪየካ ሙዚየም ውስጥ አንድ የታይታኒክ የሕይወት ማዳኛ ሰደርያ አለ። ለልጅሽ ፎቶውን ፈልጊለት፣ ከአንበሳው ጋሻ ይልቅ ይኸ ነው የሱ ቤተሰብ ታሪክ ጠርዝ ላይ ያለው።

ኦጉሊን ግን ተጠንቀቂ። ከተማ ነው፣ ግን የወረዳውም ስም ነው። ከዙሪያው መንደር የመጣ ሰው ሁሉ «ከየት ነህ» ሲባል ኦጉሊን ነበር የሚለው። ልክ የደብረ ብርሃን ዙሪያ ሰው ሁሉ «ደብረ ብርሃን» እንደሚለው። ስለዚህ የመንደሩን ስም እዚሁ አሜሪካ ውስጥ መጨረስ አለብሽ፣ ያለመንደሩ አገር ቤት ብትጽፊ ማንም አይመልስልሽም።

ከየት መሰለሽ? ከ1906 መጨረሻ ወዲህ ዜግነት የጠየቀ ሰው በሚሞላው ፎርም ላይ የተወለደበት ቦታ አለ። በ1917 ለጦርነቱ ሲመዘገቡ በመጀመሪያው ዙር የትውልድ ቦታ ተጠይቋል። ያኔ ካመለጠው ደግሞ በ1942 ከ45 እስከ 64 ዓመት ያሉ ወንዶች ሁሉ ተመዝግበዋል፣ እዚያም የትውልድ ቦታ አለ፣ አንዳንዱ ካርድ ላይ መንደሩ ቁልጭ ብሎ ተጽፎ ታገኚዋለሽ። ከዚያ የክሮኤሺያ ወንድማማቾች ማኅበር አለ። በ1894 እዚያው ፒትስበርግ አጠገብ የተቋቋመ ነው። ዕድርና ኢንሹራንስ በአንድ ላይ በይው፦ ፋብሪካ ውስጥ የሞተ ሰው ሚስትና ልጆቹ ሜዳ ላይ እንዳይወድቁ። ዛሬም አለ፣ ዛዬድኒቻር የሚባለው ጋዜጣውም ከ1904 ጀምሮ ይታተማል። አባል ከነበረ የሞት ማስታወቂያው ላይ መንደሩ ተጽፎ ሊሆን ይችላል።

የሁለት ልጆች እናት፦

ያገባው በቅዱስ ኒኮላስ ቤተክርስቲያን ነው ይላሉ፣ ያ ይረዳል?

ሰነድ ፈላጊ፦

በጣም ይረዳል፣ ግን የትኛው ኒኮላስ? ሁለት ነበሩ። አንዱ ሰሜን ፒትስበርግ ያለው ነው፣ በ1894 የተመሠረተ፣ በአሜሪካ የመጀመሪያው የክሮአት ደብር፣ ሕንፃው በ2013 ፈርሷል። ሌላው እዚያው ፒትስበርግ አጠገብ ሚልቬል ያለው ነው፣ ዛሬም ቆሞ አለ። ማክሶ ቫንካ የሚባል ክሮኤሺያዊ ሠዓሊ በ1937 እና በ1941 ግድግዳውን በሙሉ ሥሎበታል። ማርያምን እንደ ገጠር ክሮኤሺያ ሴት አድርጎ ነው የሣላት፣ ልጆቻቸውን ፋብሪካና ማዕድን የበላባቸው እናቶችም አሉበት። ከሜሪላንድ በመኪና የአንድ ቀን መንገድ አይሞላም፣ ልጁን ይዘሽ ሂጂ።

ኒኮላስን ኦርቶዶክሱም ካቶሊኩም ስለሚያከብሩት በደብሩ ስም ብቻ አትደምድሚ። የኦጉሊን አካባቢ ደግሞ ካቶሊክ ክሮአቶችና ኦርቶዶክስ ሰርቦች ጎን ለጎን የኖሩበት ነው፣ ኮቫቼቪች የሚባል ሰው ከሁለቱም ወገን ሊሆን ይችላል። የጋብቻውን መዝገብ አስቀድሚ፣ የትኛውን የጥምቀት መዝገብ እንደምትከፍቺ የሚወስነው እሱ ነው። ባልሽንም አስጠንቅቂው፣ ያልጠበቀው ነገር ሊወጣ ይችላል።

የድሮ ወረቀት፦

ኦጉሊን ከሆነማ ወደ አርማው ልመልሳችሁ። የከተማውን ግንብ በ1500 ገደማ የሠራው በርናርዲን ፍራንኮፓን ነው። ፍራንኮፓኖች ከክርክ ደሴት የተነሱ ከአገሪቱ ታላላቅ ቤቶች አንዱ ናቸው። አርማቸው ላይ ሁለት አንበሶች ፊት ለፊት ቆመው እንጀራ፣ ይቅርታ ዳቦ፣ ይቆርሳሉ። ስማችን «ዳቦ ቆራሽ» ነው፣ ከጥንታዊ የሮማ ቤት ነው የወረድነው ብለው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ነው ያንን አርማ የያዙት። ከዚያ በፊት ኮከብ ነበር የነሱ ምልክት። አያችሁ፣ ትላልቆቹም ራሳቸውን ያሳምሩ ነበር! መጨረሻቸው ግን አላማረም፦ ሚያዝያ 30 ቀን 1671 ፍራን ክርስቶ ፍራንኮፓንና ፔታር ዝሪንስኪ በንጉሠ ነገሥቱ ላይ አምፀዋል ተብለው ቪየና አጠገብ ቪነር ኖይሽታት ውስጥ አንገታቸው ተቀላ። ከተማዋ ከእኔ ቤት በባቡር ቅርብ ናት።

በኋላ ያ አገር የጦር ጠረፍ ሆነ። ኦስማኖችን ለመከላከል ሃብስበርጎቹ መንደሩን በሙሉ ወታደር አደረጉት፣ ኦጉሊንም የራሱ ክፍለ ጦር ነበረው። ገበሬው ገባር አይደለም፣ መሬት ይሰጠዋል፣ በምትኩ ሲጠራ ጠመንጃ ይዞ ይወጣል። ይኸ እስከ 1881 ቆየ። ስለዚህ የልጅሽ ቅድመ አያት አባት ማረሻውን አቁሞ ጥበቃ የወጣ ሰው ሊሆን ይችላል። ከነዚህ ወታደሮች መሀል ረጅም ዘመን ያገለገሉ መኮንኖች መኳንንት ይደረጉ ነበር፣ እውነተኛ አርማም ይሰጣቸው ነበር። አርማ የማግኘት ዕድል ካላችሁ በዚህ በኩል ነው፣ ግን ለማመን ወረቀቱን ማየት አለብኝ። የመኮንን ልጅ ፒትስበርግ ምድጃ ሥር ምን ይሠራል?

አንድ ነገር ደግሞ ልጁ እንዲያውቅ እፈልጋለሁ። መኳንንት ማለት ግንብና ሠረገላ ማለት አይደለም። ከዛግሬብ በታች ቱሮፖልዬ የሚባል አካባቢ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ መንደርተኛው በጅምላ መኳንንት ነበር፤ አርሶ የሚበላ፣ አሳማ የሚያረባ መኳንንት። በ1921ዱ የዩጎዝላቪያ ሕገ መንግሥት ደግሞ የመኳንንት ማዕረግ ሁሉ ዕውቅናው ቀርቷል።

ለትምህርት ቤቱ ሥራ ግን ለምን አዲስ አይሠራም? አሜሪካ ውስጥ ለግለሰብ አርማ የሚሰጥም የሚከለክልም የመንግሥት መሥሪያ ቤት የለም፣ ማንም የራሱን መያዝ ይችላል። ሕጉ ደግሞ ለልጅ የሚመች ነው፦ ደማቅ ቀለም በደማቅ ቀለም ላይ አይቀመጥም፣ ከሩቅ መታየት አለበት፣ ጽሑፍ አይበዛም። መዶሻና መስፍ (ብረት የሚቀጠቀጥበት) ለኮቫቼቪች፣ ከአንቺ በኩል ደግሞ የሚፈልገውን ይጨምር። ነጭ መደብ ላይ ጥቁር መስፍ ቢሥል ከገበያ አዳራሹ አንበሳ ይበልጣል።

ሰሚት ኮንዶሚኒየም፦

ኦጉሊን ሲባል ካርታ ከፈትኩ፣ ካርሎቫጽ አጠገብ ነው። ካርሎቫጽ እኮ የሴልያን ወንድማማቾች አገር ነው! ሚርኮና ስቴቮ ሴልያን። በ1899 እኛ አገር ገብተው ምኒልክ ቤት ነበሩ፣ ምኒልክ ሚርኮን በደቡብ በሩዶልፍ ሐይቅ (የዛሬው ቱርካና) በኩል አስተዳዳሪ አድርገው ሾመውታል። እስከ 1902 ቆዩ። የሰበሰቡት ዕቃና ፎቶ ዛሬ ዛግሬብ የኢትኖግራፊ ሙዚየም ውስጥ አለ። ከኛ አገር ወጥተው ደቡብ አሜሪካ ሄዱ። ሚርኮ በ1913 ፔሩ ጫካ ውስጥ ጠፋ፣ ስቴቮ ብራዚል ኖሮ እዚያው ሞተ። እኔ በበኩሌ የነሱን ሹመት ያለ ቅሬታ አላየውም፣ የደቡቡ ሰው መች ተጠየቀ። ግን ለልጅሽ የአባትና የእናት አገር የተገናኙበት እውነተኛ ታሪክ ነው፣ ፖስተሩ ላይ ይግባ።

አልባሌ፦

ይቅርታ የማይመለከተኝ ነገር ውስጥ ልግባና፣ ዋናውን ጥያቄ ማንም አልጠየቀም። ፓስፖርት ይሰጣሉ ወይ?

ሞድሪች ከፒያሳ፦

አበሻ! 😂😂

ሰነድ ፈላጊ፦

ሳቁ፣ ግን ጥያቄው ጥሩ ነው። ከጥር 2020 ጀምሮ የዜግነት ሕጋቸው ተሻሽሏል። ከጥቅምት 8 ቀን 1991 በፊት ለመኖር ከክሮኤሺያ የወጣ ስደተኛ ተወላጅ ከሆንክ፣ ስንተኛ ትውልድ ነህ የሚለው ገደብ ተነስቷል፣ የቋንቋ ፈተናውም ቀርቷል። አገሪቱ ከ2013 ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት አባል ናት፣ ስለዚህ ነገሩ ቀልድ አይደለም። ግን ኮቫቼቪች መባል ብቻውን ምንም አይደለም፣ ጋሻው ደግሞ ጭራሽ። የሚፈለገው የሰውዬው የጥምቀት ወይም የልደት ማስረጃ፣ ከዚያ እስከ ባልሽ ድረስ ያለው ልደትና ጋብቻ ሁሉ ሳይቆራረጥ ነው። አንድ ቀለበት ከጎደለ ቆንስላው ይመልሳችኋል። ኮቫች ብለው ያሳጠሩት ዘመዶች በዚህ ላይ ይበልጥ ይለፋሉ፣ ስሙ አንድ ሰው መሆኑን ማስረዳት አለባቸው።

ጥምቀቱን ለማግኘት መጀመሪያ ፋሚሊ ሰርች ላይ ያሉትን የክሮኤሺያ የቤተክርስቲያን መዝገቦች እዪ። ብዙው ስም ማውጫ የለውም፣ ገጽ በገጽ ነው የምትገልጪው። ካቶሊኮቹ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን የትሬንት ጉባኤ ወዲህ መመዝገብ ግዴታቸው ስለሆነ ዕድል ካለሽ ሩቅ ትሄጃለሽ፤ ቀድሞ የጻፉት በላቲን ነው፣ አትደንግጪ፣ ቃላቱ ጥቂትና ተደጋጋሚ ናቸው። በዚያ አካባቢ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተቃጠለ መዝገብ ብዙ ነው፣ ስለዚህ ካጣሽው በሰውዬው ላይ አትፍረጂ። ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ መንግሥት መዝገቦቹን ከየደብሩ ወስዷል፣ አንዳንዱ ማዘጋጃ ቤት ነው፣ አንዳንዱ ቤተ መዛግብት።

አንድ ሌላ ነገር። እዚያ መንደር ውስጥ ሁሉም ሰው አንድ ስም ሲሆን ቤቶቹን በቅጽል ስም ነው የሚለዩት። አማትሽን ጠይቂያት፣ ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ወይም ቤታቸውን የሚጠሩበት ግራ የገባ ቃል ካለ። ስድብ ቢመስልም ጻፊው። አሥር ኮቫቼቪች በተደረደሩበት ገጽ ላይ የናንተውን የሚለየው እሱ ሊሆን ይችላል።

የሁለት ልጆች እናት፦

አማቴን አሁን ደውዬ ጠየቅኳት። የባሌ አባት «የኛ ቤት» ለማለት የሚጠቀሙበት ቃል ነበር አለች፣ ማንም ትርጉሙን አያውቀውም፣ እየሳቁ ነበር የሚሉት። በስልክ እንደሰማሁት ጻፍኩት፣ ነገ የ1942ቱን ካርድ እፈልጋለሁ፣ ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ እለጥፍላችኋለሁ። ጋሻውን አላወርድም፣ ከአማት ጋር ጦርነት አልፈልግም።